ከነቀምት ነው የተባለው ስልክ

በ፲፱፻፸፫ ዓ.ም. በሰኔ ወር ነው። እኔ በዚያን ጊዜ የአውራጃው ትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ ስለነበርኩ፣ ዓመት ባለቀ ቁጥር ከየትምህርት ቤቱ የሚመጣውን የዓመት ማጠቃለያ መሰብሰብ የእኔ ፈንታ ነበር። ይህ ሥራ ሰውን ያለ ዕድሜው ያስረጃል። ዳይሬክተሮቻችን ማጠቃለያውን በጊዜው አይልኩም፤ ሲልኩትም የክፍሉ ቁጥር ከተማሪው ቁጥር አይገጥምም። ለምን ሲባሉ «በስልክ እንዲህ አድርጉ ተባልን» ይላሉ። ማን አላችሁ ሲባሉ ግን ስም አይጠሩም። በስልክ የመጣ ቃል ሁሉ ከሰማይ የወረደ ይመስላቸው ነበር።

በዚህ ነገር ተንገፍግፌ ከቢሮ የወጣሁ ቀን፣ ነቀምት አውቶቡስ ተራ ቆርቆሮ ሥር ዝናብ ተጠልዬ ሳለሁ አንዲት የማውቃት መምህርት አየሁ። ቀለሟ ትባላለች፤ በኑኑ ቁምባ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሁለተኛ ክፍል አስተማሪ ናት። ፍራሽዋ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ሳንዱቋ በገመድ ታስሮ፣ ሕፃን ልጇ ጀርባዋ ላይ ሆኖ እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ለብሷል።

«አከም ጅርቱ፣ ጋሼ» ብላ በኦሮምኛ ሰላም አለችኝ። እኔም እንደ ወጉ ደኅንነቷን ጠይቄ፣ ጓዟን ጠቅልላ ወዴት እንደምትሄድ ጠየቅኋት።

«ወደ ቤቴ» አለች፤ ቀጥላም «ቤት ካለኝ» አለች።

ነገሩን ቀስ በቀስ አወጣጣሁት። የትምህርት ቤቷ ዳይሬክተር ወደ ሩቁ የኪራሙ ትምህርት ቤት በአስቸኳይ መዛወሯን፣ ቶሎ ካልደረሰችም ግዳጇን እንደጣለች እንደሚቆጠር ነግረዋታል። ደብዳቤው ይከተላል ተብሏል። የተከራየችውን ቤት ለቀቀች፤ የተማሪዎቿን ውጤት ሳትሞላ፣ ያንን ሁሉ መንገድ በጭነት መኪናም በእግርም ተጉዛ ኪራሙ ደረሰች። የኪራሙ ዳይሬክተር ግን ስለ እርሷ የሰሙት ነገር አልነበረም። የምታርፍበት ቤት ስታጣ፣ ልጇም በመንገድ ሲታመምባት ተመለሰች።

እኔ የመምህራን ዝውውር ኮሚቴ ጸሐፊ ነበርኩ። ኮሚቴው በዚያ ዓመት ገና አንድ ቀን እንኳ ስላልተቀመጠ ማንንም አላዛወረም። ይህን ብነግራት በዚያ ሁሉ ድካሟ ላይ ሌላ ሸክም መጨመር ሆነብኝና ለጊዜው አልነገርኳትም። የሕፃኑ ደረት ሲያፏጭ ከዝናቡ ድምፅ በላይ ይሰማኝ ነበርና፣ ወደ ሆስፒታል ወሰድኳቸው። ሐኪሙ የሳንባ ምች ነው፣ ሳይድን አይወጣም አለ። እዚያው ነቀምት፣ በከኒሳ ቀሴ በሚባለው ሰፈር የምትኖር የቀለሟን አክስት አስጠርቼ፣ በማግስቱ በመጀመሪያው አውቶቡስ ወደ ኑኑ ቁምባ ሄድኩ። መንገዱን በሙሉ ለዳይሬክተሩ የምናገረውን ቁጣ ሳሰናዳ ነበር።

ዳይሬክተሩ አቶ ወልደዮሐንስ ይባላሉ። በወጣትነታቸው ከጎጃም በመምህርነት መጥተው፣ ከዚያው አግብተው፣ ወልደው፣ የከተማዋን ግማሽ ፊደል ያስቆጠሩ ሰው ናቸው። ሽማግሌው ሁሉ «ኦቦ ወልደዮሐንስ» እያለ በአክብሮት ይጠራቸዋል። እንዲህ ያለውን ሰው መቆጣት ቀላል አይደለም። በሩ ላይ ባርኔጣቸውን አውልቀው ሲቀበሉኝ ያሰናዳሁት ቁጣ ግማሹ ጠፋኝ። የቀረኝ ግማሽ ግን፣ በቀለሟ ክፍል ውስጥ ተረፋ የሚባለው የኪራሙ አስተማሪ ጠመኔ ይዞ ቆሞ ሳየው ተመልሶ መጣ።

በቢሯቸው ከድርቤ ጋር ሦስት ሆነን ተቀመጥን። ድርቤ የእርሳቸው የቀድሞ ተማሪ ናት። ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቃ መጥታ፣ ከማስተማሩ ሌላ የትምህርት ቤቱን ጽሕፈት ሥራም ትሠራ ነበር።

«ቀለሟን ማን አዛወራት?» አልኳቸው።

«የአውራጃው ትምህርት ጽሕፈት ቤት።»

«ከጽሕፈት ቤቱ ማን?»

«ስሙን አልጠየቅሁም። አለቃ ሲያዝ ስምህ ማነው ይባላል እንዴ?» አሉ። ቀለሟና ተረፋ ይለዋወጡ ያለው ደዋይ አንደበተ ርቱዕ እንደነበረና ጉዳዩ አስቸኳይ መሆኑን ደጋግሞ እንደተናገረ፣ የስልክ ሠራተኛዋም ከነቀምት ነው እንዳለቻቸው ነገሩኝ።

ድርቤ ፈቃድ ጠይቃ ተናገረች። «ጋሼ፣ ነቀምት ውስጥ ስልክ ያለው ሱቅ ብዙ ነው። ቴሌ ሄዶ የከፈለም ሁሉ ይደውላል። ከነቀምት መደወሉ ከጽሕፈት ቤቱ መደወሉ አይደለም። ያን ዕለትም መልሰን እንጠይቅ፣ ካልሆነም ደብዳቤው እስኪመጣ ቀለሟ ትቆይ ብዬ ነበር።»

«ብለሽ ነበር» አሉ ሽማግሌው። «እኔም ካልታዘልኩ አላምንም እንዳለችው ሙሽራ አትሁኚ አልኩሽ። አሁንም እላለሁ። እኛ ያደግነው ቃል አምነን ነው። መልእክተኛ ሲመጣ ‘እውነት ተልከሃል?’ ብሎ መጠየቅ ላኪውን መናቅ ነው።»

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ያሉትም አባቶች ናቸው» አለች ድርቤ። «ላኪውን የናቀው ስሙን ሰርቆ የደወለው ነው እንጂ የጠየቀው አይደለም።»

እዚህ ላይ እኔ ትዕግሥቴ አልቆ፣ ልጅቱ ልክ እንደሆነች፣ የቀለሟ ሕፃን ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ስለ ወግ መከራከር እንደማይገባ ተናገርኩ። ስለ ሕፃኑ ገና መስማታቸው ነበር። ፊታቸው ተለወጠ። ከመቀመጫቸው ተነሥተው መስኮቱን ዘጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እንግዲያውስ እውነቱን ልንገራችሁ» አሉ። «ወግ ብቻ አይደለም። እፈራለሁ። ጉሉማን ታስታውሱታላችሁ? ጉሉማ እንደ እኔ ዳይሬክተር ነበር። አንድ ትእዛዝ ሲነበብ ‘ይህ ለምን አስፈለገ?’ ብሎ በስብሰባ ጠየቀና ወሰዱት። ሚስቱ እስከ ዛሬ ስንቅ የምታደርስበትን ቦታ አታውቅም። እናንተ መልሰህ ጠይቅ ትሉኛላችሁ። ደዋዩ እውነተኛው አለቃ ቢሆንና ‘ይህ ሰው ትእዛዝ ይጠራጠራል’ ቢል፣ ማን ያድነኛል?»

እኔም ጉሉማን አውቀው ነበር። የእኛን ዳይሬክተሮች ዝንጉዎች እያልኩ ስማረር ዓመታት ሳሳልፍ፣ ከዝንጋታቸው በስተጀርባ ይህን የመሰለ ፍርሃት መኖሩን አስቤ አላውቅም ነበር። የመለሰችላቸው ድርቤ ናት።

«ኦቦ፣ ጋሽ ጉሉማን ማንም አይረሳም። እርሳቸው የጠየቁት ትእዛዙ ለምን አስፈለገ ብለው ነው። እኔ የምለው ግን ትእዛዙ ከማን እንደመጣ እንወቅ ነው። ‘ጓድ፣ ትእዛዝዎን አሳስቼ እንዳልፈጽም ስልኩን ይዝጉልኝና በጽሕፈት ቤቱ መስመር መልሼ ልደውል’ ያለውን ሰው በምን ይከሱታል? ይህ ከመታዘዝም በላይ መታዘዝ ነው። መልስ የሚያጣው የማያውቀውን ሰው ትእዛዝ ፈጽሞ የተገኘ ነው። ደዋዩ የአብዮቱ ጠላት ቢሆንስ ኖሮ ምን ይሉ ነበር?»

አቶ ወልደዮሐንስ ጢማቸውን ዳበሱ። ተሸነፉ ብዬ ነበር። እርሳቸው ግን አንድ የመጨረሻ ምሽግ ነበራቸው።

«እሺ፤ ደዋዩ አታላይ ነው እንበል» አሉ። «አታላይ ከሆነ የእኛን ጉዳይ ከየት አወቀው? የመምህራኑን ስም በሙሉ ያውቃል። ቀለሟ የተቀጠረችበትን ዘመን ያውቃል። ባሏ ሰሜን ግንባር መሆኑን፣ ከሕፃኗ ጋር ብቻዋን መሆኗን ሳይቀር ያውቃል። ይህን ከጽሕፈት ቤቱ በቀር ማን ያውቃል?»

ድርቤ ወደ እኔ ተመለከተች። ከዚያ ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች።

«ኦቦ፣ የነገሩት እርስዎ ነዎት» አለች።

ቀስ ብላ አስታወሰቻቸው። በግንቦት ውስጥ አንድ ሰው ደውሎ፣ ለዓመቱ ማጠቃለያ የመምህራኑን መረጃ እናድሳለን፣ የእያንዳንዱን ስም፣ አገልግሎትና የቤተሰብ ሁኔታ ንገሩን ብሎ ነበር። እርሳቸው ፋይል አስወጥተው አንድ በአንድ አነበቡለት። ቀለሟ ላይ ሲደርሱም ባሏ ግንባር መሄዱን፣ የሚረዳት ዘመድ እዚህ እንደሌላት ከራሳቸው ጨመሩለት። ድርቤ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ስትተይብ ሁሉን ሰምታለች።

«ድምፁ የዚያው ሰው ነበር?» አልኳቸው።

«የዚያው ነበር» አሉ። «ሁለተኛ ሲደውል እንደ ወዳጅ ስሜን ጠርቶ ሰላም አለኝ። አወቀኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።» ከዚህ በኋላ አልተከራከሩም። ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

ተረፋን አስጠራሁት። ብዙም አላደከመኝም፤ አመነ። አባቱ በኑኑ ቁምባ ሽባ ሆነው ተኝተዋል፤ እርሱም ለዓመታት ዝውውር ጠይቆ መልስ አላገኘም። ለፈተና እርማት ነቀምት በመጣ ጊዜ ድምፁን ለውጦ ከቴሌ እየደወለ መረጃውን ሰበሰበ፤ ኋላም ትእዛዙን ሰጠ። ከመምህራኑ ሁሉ ቀለሟን የመረጠው ከጎኗ ቆሞ የሚከራከርላት ባል ስለሌላት ነው። ለኪራሙ ዳይሬክተር አባቴን ላስታምም ብሎ ፈቃድ ወጣ። አንዴ ከተለዋወጥን ኮሚቴው የሆነውን ያጸድቀዋል ብዬ ነው አለ። ስለ አባቱ አዘንኩለት፤ በእኛ ኮሚቴ ቸልተኝነትም አፈርኩ። ነገር ግን ጭንቀቱን አንዲት እናት ጀርባ ላይ ጭኖ በዝናብ መስደዱን ላልፈው አልቻልኩም፤ በሥነ ሥርዓት ተጠየቀ፤ የዓመት ደመወዝ ጭማሪውም ተከለከለ።

አቶ ወልደዮሐንስ በማግስቱ ከእኔ ጋር ነቀምት ወረዱ። ሆስፒታል ገብተው ከሕፃኑ አልጋ አጠገብ ቆመው ይቅርታ ጠየቁ። ቀለሟ ደክሟት ነበር፤ ቃላት አላሳመረችም።

«ጋሼ፣ ይቅርታዎን ተቀብያለሁ» አለች። «ግን እኔ የምፈልገው ሌላ ነው። ከእንግዲህ ማንም ሰው በስልክ ቃል ብቻ ከቤቱ እንዳይወጣ ቃል ይግቡልኝ። የእኔንም የቤት ጉዳይ ለማያውቁት ሰው አይንገሩብኝ።»

ቃል ገቡላት። ሕፃኑ ከቀናት በኋላ ድኖ ወጣ፤ እርሷም ወደ ክፍሏ ተመልሳ የተማሪዎቿን ውጤት ሞላች። በዓመቱ መዝጊያ ስብሰባ ሽማግሌው ራሳቸው ተነሥተው የሆነውን ሳይደብቁ ለመምህራኑ ተናገሩ። በስልክ የመጣ ትእዛዝ ከዚያ በኋላ መልሶ በመደወል ሳይጣራ አይፈጸምም፤ ዝውውር ያለ ደብዳቤ ዝውውር አይባልም፤ አስቸኳይ የሚል ቃል ሲሰማ ይበልጥ መጠንቀቅ ይገባል፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና። የመምህራን የግል ጉዳይ በታሸገ ደብዳቤ ካልሆነ አይላክም። ጠረጴዛ ላይ ተጥሎ ያገኘው ሁሉ ይመታበት የነበረውም የትምህርት ቤቱ ማኅተም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ቁልፉ ከእርሳቸው ኪስ ገባ። አንዳንዶቹ መምህራን ይህ ሥራ ያጓትታል ብለው አጉረመረሙ። እኔም በልቤ፣ ሽማግሌው ይህን የሚያደርጉት እስከ መስከረም ነው ብዬ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ሰኔ ማጠቃለያውን ልወስድ ኑኑ ቁምባ ሄጄ ከእርሳቸው ጋር ተቀምጬ ሳለሁ ስልኩ ጮኸ። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ነበሩ። ድምፃቸው ጎላ ያለ ስለሆነ እኔም ከተቀመጥኩበት ሰማሁት። የመምህራኑን ዝርዝር መረጃ አሁኑኑ በስልክ ይፈልጉ ነበር።

«ጓድ፣ ይቅር ይበሉኝ» አሉ አቶ ወልደዮሐንስ። «የሚያዙኝን ሁሉ እፈጽማለሁ። ስልኩን ይዝጉልኝና በጽሕፈት ቤቱ መስመር መልሼ ልደውል።»

ኃላፊው ተቆጡ። አታውቀኝም ወይ ሲሉ ሰማሁ። እኔም ደዋዩ በእርግጥ ኃላፊው መሆናቸውን በእጄ ምልክት ላመለክት ቃጣኝ፤ ሽማግሌው ግን ወደ እኔ አልተመለከቱም።

«አውቅዎታለሁ፣ ጓድ። እንደ እርስዎ ሆኖ የሚደውል እንዳይኖር ብዬ ነው» ብለው ስልኩን ዘጉት። ወዲያውም እጀታውን አዙረው የስልክ ሠራተኛዋን የነቀምትን ጽሕፈት ቤት እንድታገናኛቸው ጠየቁ። ያነሡት ኃላፊው ራሳቸው ነበሩ።

«አሁን እርግጠኛ ሆኛለሁ፣ ጓድ። ትእዛዝዎን ልስማ» አሉ ወልደዮሐንስ። የሚገባውን በስልክ ሰጡ፤ የቤተሰብ ጉዳይ የሆነውን በታሸገ ደብዳቤ እልካለሁ ብለው አስፈቀዱ።

ያን ዓመት ከሰበሰብኩት ማጠቃለያ ሁሉ ከቁጥር እስከ ስም ያልተዛባው የኑኑ ቁምባው ነው። ከዚያ ትምህርት ቤት በሐሰት ቃል የተነቀለ መምህር፣ ውጤቱ የቀረበት ተማሪ፣ ጉዳዩ በአደባባይ የወጣ ቤተሰብ አልነበረም። ለዚህ ሁሉ የወጣው ዋጋ አንድ ተጨማሪ ስልክና ጥቂት ትዕግሥት ነው። አንባቢ ሆይ፣ መሥሪያ ቤትህ የትም ይሁን፣ የሰው ኑሮ የሚነቅል ቃል ሲደርስህ ቃሉን ተከትለህ ወደ ምንጩ ሂድ። እውነተኛ አለቃ በዚህ ቢቆጣ ቁጣው ያልፋል።

እኔም ነቀምት እንደተመለስኩ ኃላፊው ቢሯቸው አስጠርተው፣ ያ ሽማግሌ ስልክ እንደዘጋባቸው ደጋግመው ሲያማርሩልኝ ቆዩ። የቀለሟን ነገር ከመጀመሪያው አንሥቼ ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ጸሐፊያቸውን ጠርተው፣ በሌሎቹ ትምህርት ቤቶችም እንዲሁ ይደረግ የሚል ሰርኩላር አስጻፉ።