ዓይን ታሞ ክንድ ሲወጋ

ጎንደር ሆስፒታል ድሬሰር ሳለሁ ነው። አንድ የኮሶዬ ቄስ ዓይናቸውን ታመው መጡ። ደም ልወስድ መርፌ ሳነሳ፣ «ምነው ልጄ፣ ያመመኝ ዓይኔ፣ የምትወጋው ክንዴን?» አሉኝ።

«አባ፣ ዓይን ውስጥ የተሸሸገውን ተባይ አናየውም። ሰውነትዎ ሲዋጋው ግን ደምዎ ላይ ምልክት ይተዋል» አልኳቸው።

ሳቅ አሉ። «ሽፍታው ቢሰወር አሳዳጁን ጠይቁ ማለትህ ነዋ! ሸጋ ነው። ግን ነገ ቀዳሽ ነኝ፤ የደማ ሰው መቅደስ አይገባም» ብለው እጅጌያቸውን አወረዱ። ተናደድኩ። ዓይን ቀጠሮ ይሰጣል እንዴ? ደግሞም አይመለሱም ብዬ ነበር።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ ከጭነት ማኪና ወርደው መሬቱን በመቋሚያቸው እየዳበሱ መጡ።

«ቀደሱ፣ አባ?»

«ቀደስኩ። መጽሐፉን ገለጥኩት፤ ፊደሉ ግን አልታየኝም። በቃሌ ተወጣሁት፤ ማንም አላወቀብኝም።» ክንዳቸውን ዘረጉልኝ። «እንካ ልጄ፣ አሳዳጁን ጠይቅልኝ።»