ከስታ የዳነችው ልጅ

በረሃቡ ዓመት ከቆቦ ወደ ጎብዬ በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ፣ ከኋላዬ አንዲት እናት ሴት ልጇን ታቅፋ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ታወራለች።

«ልጅቱ ከስታለች፣ ልጄ።»

«አዎ አባባ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ከሳች።»

«በልጅ መክሳት ፈጣሪ ይመሰገናል እንዴ?»

«አብጣ ነበር። ፊቷና እግሯ ሲሞላ ሰው ሁሉ ወፈረች ሲለኝ እኔም ደስ አለኝ። ኋላ ግን ጸጉሯ ሳሳ፣ ማልቀስም ተወች።»

«ታዲያ ምን አደረግሽ?»

«አዝዬ ቆቦ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ‹ይህ የረሃብ እብጠት ነው እንጂ ውፍረት አይደለም› አለኝ። እዚያው ተቀምጬ ወተት በማንኪያ ስሰጣት ከረምኩ። እብጠቱ ሲጎድል አጥንቷ ታየ፤ እኔ ስደነግጥ ሐኪሙ ‹እሰይ፣ ዳነችልሽ› አለኝ።»

«አሁንስ ትበላለች?»

«መብላት ብቻ? ዛሬ ጠዋት ቂጣዬን ነጠቀችኝ። ላካፍላት ብዬ ብይዘው ነከሰችኝ።»

«ነከሰችሽ?»

«ይኸው፣ ይዩት።»

«ማሻአላህ፣ ጥርሷስ ብርቱ ነው።»

ዞር ስል እናትየዋ የተነከሰ እጇን እንደ አዲስ አምባር ለሽማግሌው ዘርግታ አየኋትና፣ መንገዳችን ላይ ያለችው ሮቢት ከተማ እስክንደርስ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ቆየሁ።