ቢጫዋን ኳስ የነካሁ ቀን

በኛ ጊዜ ጀልባ ማለት፣ ልጆች፣ ጣና ደርሶ የመጣ ሰው የሚያወራው ነገር ነበር። እኔ የአሰላ ልጅ ነኝ፣ ውሃ የማውቀው በባልዲ ነው። ታዲያ ባህር በሌለበት ኮሎራዶ መጥቼ የጀልባ እሽቅድምድም ገባሁ ስላችሁ ትስቃላችሁ፤ ሳቁ፣ ግዴለም።

ዳውንታውን ፓርኪንግ ስሠራ ዴቭ የሚባል ጠበቃ ደንበኛ ነበረኝ። አንድ ቀን መኪናውን ፓርክ አድርጎ ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ «ክብደትህ ስንት ነው?» አይለኝም! ምን ዓይነት ስድብ ነው ብዬ ተቆጣሁ። ለካ ሰውየው የሸራ ጀልባ አለው፣ ነፋስ ሲያጋድላት ጠርዝ ላይ ተቀምጦ የሚያስተካክላት ከባድ ሰው ይፈልጋል። «ምንም ማወቅ የለብህም፣ መቀመጥ ብቻ ነው» አለኝ። መቀመጥማ ማን ብሎኝ! እና በየእሁዱ ከቅዳሴ በኋላ አውሮራ ከተማ ካለው ሰው ሠራሽ ሐይቅ መሄድ ጀመርኩ።

እንዲህ ስንቀመጥ ከረምንና፣ ከካናዳ ከሜክሲኮ ሳይቀር ተወዳዳሪ የመጣበት ትልቅ ውድድር ሆነ። የመጨረሻው ዙር ላይ እኛ አንደኛ ነን፣ አንዲት ካናዳዊት ከኋላችን እግር በእግር ትከተለናለች። ውሃው ላይ ጀልባ ሁሉ የሚዞራት ትልቅ ቢጫ ኳስ አለች፣ ታዲያ ሕጉ ምንድን ነው፣ ኳሷን ከነካህ ጀልባህን አንድ ዙር አዙረህ ትቀጣለህ፣ ሌላው እስከዚያ ያልፍሃል። ኳሷ ጋ ስንደርስ ነፋሱ መጣ፣ ዴቭ «ውጣ! ውጣ!» ብሎ ጮኸ፣ እኔም እንደ ሥራዬ ወደ ውጭ ተንጠለጠልኩ፣ እና ይቅርታ አድርጉልኝና፣ መቀመጫዬ ኳሷን ጠረጋት።

«ዴቭ፣ ነክተናል!» አልኩት።

«ዝም በል!»

ካናዳዊቷ ከኋላ «ፕሮቴስት!» ብላ ጮኻ፣ እከሳችኋለሁ ማለቷ ነው፣ ቀይ ባንዲራ አወጣች። ዴቭ እንዳልሰማ ቀጠለ፣ አንደኛ ገባን።

ታዲያ ሦስት ዳኞች ጠረጴዛ ይዘው ጠሩን። እሷ «ወፍራሙ ሰውዬ ሲነካ አይቻለሁ» አለች። ዴቭ ደረቱን ነፍቶ «ከዚያ ርቀት ምን ይታያል? አልነካንም!» አለ። ከዚያ ዋናው ዳኛ ወደኔ ዞሩ። ዴቭ ያየኛል፣ እሷ ታየኛለች። ወዳጄ ነው እኮ! ባለቤቴ ታማ ሆስፒታል ስትተኛ በየቀኑ በመኪናው ያመላለሰኝ እሱ ነው። ግን ጠዋት አስቀድሼ ነው የመጣሁት፣ ምን ላድርግ፣ ልጆች?

«ነክቻለሁ» አልኩ።

«በዓይንህ አይተሃል?» አሉኝ ዳኛው።

«አላየሁም። ዓይኔ ከፊቴ ነው፣ የነካው ከኋላዬ ነው። ግን ስልሳ ዓመት አብሮኝ የኖረ ስለሆነ አምነዋለሁ!»

ዳኛው ወረቀታቸው ላይ ተደፍተው ሳቁ፣ ካናዳዊቷ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ዴቭ አልሳቀም። ውጤታችን ተሰረዘ፣ ዋንጫውን እሷ ወሰደች።

እስከ ቤቴ በመኪናው አደረሰኝ። ስወርድ «ለምን?» አለኝ። «ያዋስኩህ ክብደቴን ነው፣ ምላሴን አይደለም» ብዬው ገባሁ። ገብቼም አለቀስኩ፣ አልዋሻችሁም፣ ወዳጄን ያጣሁ መስሎኝ።

ሁለት ሳምንት ሌላ ቦታ ፓርክ አደረገ። በሦስተኛው መጣ፣ መስኮቱን አወረደና፣ «ዳኞቹ ጋ ሄጄ ነበር» አለኝ። «ጓደኛዬ ነክተናል ብሎኛል፣ ሰምቼዋለሁ፣ ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ አልኳቸው።»

«ታዲያ ምን አሉህ?»

«ዓመቱን ሙሉ አገዱኝ።»

«እሰይ!» አልኩት፣ ሳላስበው አምልጦኝ። አየኝ፣ አየሁት፣ እና እዚያው መግቢያው ላይ ሆዳችንን ይዘን ስንስቅ፣ ከኋላው የተሰለፈው መኪና ሁሉ ጥሩምባውን ያንባርቃል!

ዋሽቶ ያሸነፈማ ሞልቷል። ማንም ሳይጠይቀው በእግሩ ሄዶ «ዋሽቼ ነበር» ያለ ግን በዕድሜዬ ያየሁት እሱን ብቻ ነው።

ምን አልሽ ሰላም? ጮክ በይ። «ግን እኮ አባባ፣ ሉዝ አድርጋችኋል» ትለኛለች፣ ይቺ እዚህ የወለድኳት ልጄ! አዎ፣ ሉዝ አድርገናል፣ ተሸንፈናል፣ ያውም በደንብ! ሃ ሃ ሃ!