ያልተተወው ማሽን

የዋይብረን አይብ ቤት የተዘጋው አይቡ ከፍቶ አይደለም፤ አይቡን በቅርጽ የሚሞላውን ማሽን መነካካት አላቆም ብለው ነው። የአይቦቹ ክብደት እየተለያየ ሲያስቸግራቸው በመጀመሪያ ሠራተኛቸውን ሃርመንን "እጅህ አይረጋም" ብለው አባረሩት። ልዩነቱ ግን ባሰ፤ አይቡን የሚገዛቸው ነጋዴም ውሉን አፈረሰ።

በማግስቱ የወንድማቸው ልጅ ዬልትሼ፣ ጀልባ እንዲያልፍ ወደ ላይ የተነሳው ድልድይ እስኪወርድ ብስክሌቷን ደግፋ ስትጠብቅ አጠገቧ ቆመው አገኘቻቸው። የመጨረሻውን ወተት ሊጨርሱ እየሄዱ ነበር።

"ዩኒቨርሲቲ የተማርሽው ቁጥር አይብ ያድናል?"

"አሠራርዎን ልየውና ልንገርዎት።"

አየች። ዋይብረን ማሽኑ የሞላውን እያንዳንዱን አይብ ይመዝናሉ፤ ሲቀል አይቡ የሚወርድበትን የማሽኑን መክፈቻ ያሰፋሉ፣ ሲከብድ ያጠባሉ።

"በቃ አጎቴ! እጅዎን ኪስዎ ይክተቱ።"

"ስንፍና ነው እንዴ የሚያስተምሯችሁ?"

"ለዛሬ ብቻ ይስነፉ።"

እያጉረመረሙ ከተቱ። ዬልትሼ እሳቸው ማሽኑን እየነካኩ የተሞሉትን ወለሉ ላይ ደረደረች፤ እኩል የሚመዝኑት ባንድ ረድፍ፣ ቀላሎቹ በግራ፣ ከባዶቹ በቀኝ። ሳይነኩ የተሞሉትንም ከጎናቸው እንዲሁ። በሁለቱም ወገን የመሃሉ ረድፍ ረዘመ፣ ዳር ዳሩ አጠረ። ያልተነካው ግን ጠበብ፣ የተነካው ተንሰራፍቶ ነበር።

"ቤተ ክርስቲያናችን የቆመችበትን ጉብታ ይመስላል" አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

"ደህና ማሽንም ትንሽ ይለዋወጣል። አብዛኛው መሃል ይውላል፣ ጥቂቱ ዳር ይወጣል። ዳር የወጣውን ጥፋት ብለው መክፈቻውን ሲነኩ፣ የሚገፉት መሃሉን ነው። ቀጥሎ ያለው አይብ በሌላው ወገን ይወጣብዎታል፤ ደግሞ ይነካሉ።"

"ታዲያ መቼ ልንካው?"

"ጉብታው ራሱ ከቦታው ሲነሳ እንጂ አንድ አይብ ሲያፈነግጥ አይደለም። ይህን ያወቀ ወተት አይባክንበትም፣ ገበያ አይሸሸውም፣ ሰውንም ያለ ጥፋቱ አይወቅስም።"

ዋይብረን ዳር ከወጡት አንዱን አይብ አነሱ።

"ሃርመን ሲነካካ የነበረው እኔ ንካ እያልኩት ነው። ገባኝ ልጄ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።"

"ለሃርመን ይንገሩት።"

"ነግሬውስ? ገዢ የለኝ፤ ወደ የትኛው ሥራ ልመልሰው?"

ዋይብረን ማሽኑን አጠፉ። ኮፍያቸውን ደፍተው፣ እሷን ከአይቦቹ ጋር ትተው ወጡና በሩን ዘጉት።