የሙክታር ቃል በሙክታር ስም

ባለፈው ክረምት አንድ ማመልከቻ ላስጽፍ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ወደሚገኝ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ጎራ ብል መብራት ጠፋ። እስኪመጣ አግዳሚው ላይ አረፍ ስል፣ ከጎኔ ክላሴር ታቅፈው የተቀመጡት አዛውንት ሰባተኛ ክፍል ጂኦግራፊ ያስተማሩኝ መምህር ገብረጻድቅ ሆነው አገኘኋቸው። ደስ ብሎኝ ተነሥቼ ትከሻቸውን ሳምኩ። እሳቸው ግን ፈገግ እንኳ አላሉም።

«ሌባ ነው የሳምከው» አሉኝ።

ደንግጬ ነገሩን ብጠይቅ ክላሴሩን ከፈቱልኝ። የከተማችንን የቀድሞ ትምህርት ቤቶች ታሪክ ጽፈው ለአንድ የጥናት መጽሔት ልከው ኖሯል። አዘጋጆቹ ጽሑፉን ሲመልሱት ከአንዱ አንቀጽ ጎን «ከድረ ገጽ የተገለበጠ» ብለው በቀይ ጽፈውበታል። አንቀጹ የሟቹ ባልደረባቸው የመምህር ሙክታር ነው። ልጁ ሙንተሃ የአባቷን ማስታወሻ እየተየበች ድረ ገጽ ላይ አውጥታው ነበር፤ መምህር ገብረጻድቅም ከዚያ ወስደው ከራሳቸው ቃል ጋር አያይዘውታል።

«ሠላሳ ስምንት ዓመት አስተምሬ፣ በስተርጅና ገልባጭ ልባል?» አሉ።

የመመረቂያ ጽሑፏን ልታሳትም ወረፋ የያዘች ፍሬሕይወት የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስታዳምጥ ቆይታ፣ «ይቅርታ ጋሼ፣ ላየው እችላለሁ?» አለች። ሰጧት፤ ወደ በሩ ብርሃን አስጠግታ ጮክ ብላ አነበበችው።

«ያን ጊዜ ከትምህርት ቤቱ አጥር እስከ ሐይቁ ሸምበቆ ነበር። ዝናብ ሲጥል ልጆቹ ጫማቸውን በብብታቸው ይዘው ይመጡ ነበር፤ እኛም ሁሉም እግሩን አድርቆ ጫማውን እስኪያጠልቅ ጠመኔ አናነሣም ነበር።» ቀና አለች። «እንዴት ያምራል! የእርስዎ ነው?»

«የሙክታር ነው እንጂ!»

«ታዲያ ጋሼ፣ ሙክታር ከዚህ ገጽ ላይ የት አለ?»

 መምህር ግን አልተሸነፉም። «ስሚ ልጄ፣ እኔና ሙክታር ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ጠረጴዛ ተጋርተናል። የእሱ ቃል የእኔ ነው።»

«ይህን እርስዎ ያውቃሉ፤ አንባቢው በምን ይወቀው?»

«በየመስመሩ ስምና ዓመተ ምሕረት ሲንጠለጠልበት ጽሑፍ ለዛ ያጣል። ይህ የፈረንጅ ሥርዐት ነው።»

«ኧረ አይደለም ጋሼ! አባቶች መጽሐፍ ሲተረጉሙ ቃሉን ከነተናጋሪው ጠርተው ‹እንዲል› ይሉ የለም?»

ይህን ጊዜ መምህር ሳቅ አሉ። «ሙክታርማ የሰፈር ወሬ እንኳ ሲያወራ ‹እከሌ ከእከሌ ሰምቶ እንደ ነገረኝ› ሳይል አይጀምርም ነበር። እኛ በዚያ ስንስቅበት!» ወዲያው ዓይናቸው ዕንባ አቀረረ። አንድ ልማድ ከባዕድ የመጣ ሲመስለን እንገፋዋለን፤ በገዛ ቤታችን ውስጥ ስናገኘው ግን እናፍራለን። መምህርም ያፈሩ መሰለኝ። «በይ እንግዲያስ፣ እንዴት እንደሚደረግ አሳዪኝ» አሏት።

መብራቱ ሲመጣ አብረው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። አጭር ጥቅስ በትእምርተ ጥቅስ ተከብቦ ከዐረፍተ ነገሩ ጋር እንደሚሄድ፣ ረጅሙ ደግሞ ያለ ምልክት ለብቻው ከኅዳጉ ገባ ብሎ እንደሚጻፍ በጣቷ እያመለከተች አሳየቻቸው። በመጨረሻው ገጽ የጸሐፊውን ስም፣ የወጣበትን ዓመት፣ ርእሱን፣ የድረ ገጹን ስምና አድራሻ በተራ አስጻፈቻቸው።

«ያነበቡበትንም ቀን ይጨምሩ።»

«ያ ደግሞ ለምን?»

«ድረ ገጽ እንደ መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ አይቆይም። ሊለወጥ ይችላል፤ ሊጠፋም ይችላል። ቀኑ ካለ በዚያ ዕለት የነበረውን ማንበብዎ ይታወቃል።»

ጽሑፉ ጥር ላይ ታተመ። መምህር ደውለውልኝ፣ ለሙንተሃ አንድ ቅጂ ለማድረስ በባጃጅ ወደምትኖርበት ወደ ቱላ አብረን ሄድን። በመንገድ የሚመክሩት እኔን ሆነ። «ምንጭህን ስትጠቅስ ሥራህ ይታመናል፤ ተጠራጣሪ ራሱ ሄዶ ያጣራል፤ ከኋላህ የሚመጣ ተመራማሪ ደግሞ መንገድ ያገኛል። የራስህም ሐሳብ ከሰው ሐሳብ ተለይቶ ይታያል። እኔ እኮ ይህን ሁሉ የማውቅ መስሎኝ ነበር።»

የሙክታር ማስታወሻ የወጣበት ድረ ገጽ በኅዳር ተዘግቶ ነበር። ሙንተሃ በሯ ላይ ቆማ መጽሔቱን ገለጠች፤ ገባ ብሎ የተጻፈውን አንቀጽ ስታይ ጣቷን አሳረፈችበት።

«መምህር፣ ይህን የሚያነብ ሰው ሁሉ የአባዬ መሆኑን ያውቃል?»

«ያውቃል ልጄ። ስሙን ጽፌዋለሁ።»

እሷም ግቡ ማለቱን ረስታ፣ እዚያው ደጃፉ ላይ እንደ ቆመች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ማንበብ ጀመረች።