ኳሷን በእግሩ የሚመታው ልጅ

ከቤድፎርድ ወደ ኤርፖርት በሚሄደው የሠራተኞች ቫን ላይ፣ ከኋላዬ ሁለት የማይተዋወቁ ሐበሾች ሲያወሩ ሰማሁ። ሴትዮዋ ኤርፖርት ጽዳት ትሠራለች፤ ሰውዬው በዲቪ ሎተሪ ከጀርመን ወደ አሜሪካ የመጣ ነው።

«ጀርመን የአሜሪካኖቹ ፉትቦል አለ ይላሉ፤ እውነት ነው?»

«አለ እንጂ! ያለፈውን ሲዝን ሙሉ ስታዲየም ገብቼ አይቻለሁ። ምነው?»

«ልጄ ዛሬ ወደዚያ ይበራል። እዚህ ካት አድርገው ከቡድኑ አስወጡት። ሶ፣ የተጣለ ሰው መሰብሰቢያ ነው ብዬ አልሸኝህም አልኩት።»

«ምን ይጫወታል፣ እትዬ?»

«ኳሷን በእግሩ ይመታል፤ ያ ብቻ ነው ሥራው። እዚህ እሱ ሲገባ ሰዉ ሆት ዶግ ሊገዛ ይነሳል።»

ሰውዬው ሳቀ። «እዚያማ ሌላው ኳሷን በእጁ ይዞ ሲሮጥ ሕጉ ስለማይገባቸው ዝም ነው! በእግሩ የሚመታው ሲገባ ግን ሕዝቡ ጮቤ ይረግጣል። የሚያውቁት ኳስ የእሱ ነዋ!»

«አትቀልድብኝ።»

«እውነቴን ነው! መጀመሪያ ተሸነፍን፣ አሁንም ተሸነፍን፤ ሰዉ ዝናብ እየመታው ይዘፍን ነበር። ኋላ ኳስ በሚመታልን በእኛው ቡድን ልጅ እግር ማሸነፍ ጀመርን። በትከሻችን ተሸክመነው ወጣን።»

«አንተም?»

«እኔም! እስካሁን ትከሻዬን ያመኛል።»

ሴትዮዋ ሐበሻውን ሾፌር ጠራችው።

«ልጄ፣ ዛሬ ሥራዬ ጋ አታውርደኝ። ተሳፋሪዎቹ በሚገቡበት በር ፓርክ አድርግልኝ።»

ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም የማላወልቀውን ኮፍያዬን፣ ስትወርድ አወለቅሁላት።