ቀይ ዳማ በአምፖል ብርሃን

«ወደ ግድግዳው አታዙሪው። ፊት ለፊት አብሪና እንገላገል።»

ብልጭታ ይህን ሲል ሴት ልጁ ቀድማ የካሜራውን ቁልፍ ተጭናለች። ፍላሹ አረንጓዴውን ግድግዳ መታና ተመለሰ፤ ካሜራው ጀርባ ባለው ስክሪን ላይ የወጡት አዋላጇ እማማ ቁርጥ አረንጓዴ ቅጠል።

«በቁሜ አበቀልሽኝ?» አሉ እማማ።

ብልጭታ የሰፈሩ ፎቶ አንሺ ነው፤ ስሙም የወጣለት ፍላሹን ከሰው ፊት ላይ አንስቶ ስለማያውቅ ነው። ልጁ ደግሞ ሙያውን ትምህርት ቤት ተምራ መመለሷ ነው። እማማ ጡረታ ወጥተው፣ የሠሩበት ጤና ጣቢያ ግድግዳው ላይ ሊሰቅለው ፎቶዎን ይስጡን ብሏቸዋል። ግን ባለፈው አንዱ አምፖል ስር በስልኩ ቢያነሳቸው ቢጫ ሆነው ወጡና፣ እህታቸው ፎቶውን አይታ የወፍ በሽታ ያዛት ብላ እያለቀሰች ከሩቅ መጣች። እማማም ምለዋል፤ የዛሬው ፎቶ እሳቸውን ካልመሰለ ባዶ ፍሬም ይሰቀል።

«አየሽ» አለ ብልጭታ፣ «ሰው ሲመርቅ ፊትሽ ይብራ ነው የሚለው። ግድግዳሽ ይብራ አይልም።»

«ይብራ ተባለ እንጂ ይንጣ አልተባለማ አባዬ። ፊት ለፊት ስትመታው ፊቱ ኖራ ይሆናል፣ ከኋላው ያለው ቤት ይጠፋል።»

«ከቅጠል ኖራ ይሻላል።»

«እሱስ የኔ ጥፋት ነው። ብርሃን የነካውን ቀለም ይዞ ነው የሚመለሰው። እስቲ ቀና በል፣ ኮርኒሱ ምንድን ነው?»

ቀና አለ። ነጭ ነው። ስንት ዓመት እዚህ እማማ ቤት ሲገባ ሲወጣ ኮርኒስ መኖሩን ልብ ብሎት አያውቅም። ልጁ የፍላሹን አንገት ወደ ላይ ሰበረችና ተጫነች። ብርሃኑ ወጣ፣ ላይ ተበተነ፣ ከዚያ ዝም ብሎ እንደ ጉም ወረደባቸው። የተመታ ሰው አልነበረም። እማማ እንኳ ዓይናቸውን አልጨፈኑም።

ፎቶው ግን አሁንም ልክ አይደለም። አምፖሉ ያለበት ጉንጫቸው ቢጫ፣ ሌላው ሰማያዊ ቢጤ።

«ግማሼ ታሟል» አሉ እማማ።

«አምፖሉ ይጥፋ» አለ ብልጭታ፣ ደስ ብሎት።

«አይጠፋም። የዚህን ሰፈር ልጅ ግማሹን በዚህ አምፖል ነው የተቀበልኩት። ይቺንም ጭምር።»

ልጁ ከቦርሳዋ ብርሃን የሚያሳልፍ ብርቱካንማ ላስቲክ አውጥታ ፍላሹ ላይ ለጠፈች። «ፍላሹ የቀን ብርሃን ነው፣ አምፖሉ የማታ። አንድ ፊት ላይ ሲገናኙ ይጣላሉ። ስለዚህ ፍላሹን አምፖል እናስመስለዋለን።»

«በቃ፣ የወፍ በሽታው ሊሞላላቸው ነው።»

«ቢጫው አንድ ዓይነት ከሆነ ካሜራው ያጠፋዋል አባዬ። ሁለት ዓይነት ሲሆን ነው ግራ የሚገባው። እማማ፣ ጋዋንዎን ከፊትዎ ዘርጋ ያርጉልኝ።»

ነጩን ጋዋን ፎቶ አነሳች፤ ነጭ ማለት ይህ ነው ብላ ካሜራውን አስለመደችው። ከዚያ እሳቸውን።

ሦስቱም ፎቶው ላይ ጎንበስ አሉ። ግድግዳው አረንጓዴ፣ ጋዋኑ ነጭ፣ አምፖሉ እንደበራ። የእማማ ጥይምና፣ የግንባራቸው መስመር፣ አንድም የጎደለ የለም።

«እኔ ነኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ስቀሉኝ።»

ብልጭታ፣ «ለካ ፊት የሚበራው ሲመቱት አይደለም» አለ። «ቤቱም አይጠፋም፣ ሰውየውም አይደነግጥም፣ እህትም እያለቀሰች አትመጣም። ነገ የኔንም ፍላሽ አንገቱን ስበሪልኝ።»

እውነቱንም ነው፤ ከብርሃኑ በፊት ግድግዳና ኮርኒሱን፣ ከሰውየውም በፊት አምፖሉን ማየት የሚከፈልበት ነገር አይደለም።

ልጁ ግን ከእማማ ኋላ፣ እማማ ለማስታወሻ የሰቀሉትን የድሮ ፎቶ እያየች ነው። እናቷ አራስ ሆና፣ እሷን ታቅፋ። ብልጭታ ያነሳው፣ የእናቷ ብቸኛ ፎቶ ነው፤ ከዚያ ብዙም ሳትቆይ አረፈች። ፊቷ ወረቀት፣ ኋላዋ ድቅድቅ ጨለማ።

«እማዬ እንደዚህ ነጭ ነበረች?»

የመለሱት እማማ ናቸው።

«ምን ነጭ። ቀይ ዳማ ነበረች እንጂ፣ ቁርጥ አንቺን።»

ልጁ ፎቶውን አውርዳ ለአባቷ ሰጠች። እጇን የፎቶው መስታወት አጠገብ ዘረጋች፣ አምፖሉ ስር፣ ቀለሙ እንዲታየው።

«የኔን ቀለም ብሰጣትስ አባዬ? በኮምፒዩተር ይቻላል።»

ብልጭታ ፎቶውን በሁለት እጁ እንደያዘ ነው። በዚያን ቀን ፊቷ ይብራ ብሎ፣ ከልቡ ወዶ፣ በገዛ እጁ ያበራው ብርሃን ነው። እናንተ ብትሆኑ ቀለሙን ትሰጧት ነበር ወይስ እንዳለች ትተዋት ነበር?